ካቻቢቴው ጆሮዬ ላይ

ልጆች፣ ሥራዬ ጆሮ ነበር ብላችሁ ሳትስቁ አትቀሩም። ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ የናፍጣ ሞተር መካኒክ ነበርኩ። መካኒክ ደግሞ እጁን ከማንሳቱ በፊት በጆሮው ነው የሚሠራው። አዲስ ተለማማጅ ሲመጣልኝ መጀመሪያ መፍቻ አላስይዘውም። ካቻቢቴ እሰጠዋለሁ። «ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ሥር» እለዋለሁ። ሞተሩ ያገሳል። ልጁ ፊቱን ያጨማድዳል።

«ምን ሰማህ?»

«ጩኸት።»

«እንግዲያው ገና አልሰማህም።»

ከወር ከሁለት ወር በኋላ ያው ልጅ መለየት ይጀምራል። ይሄ የተበላ ኩሽኔታ ነው፣ ያፏጫል። ይሄ የላላ ብሎን ነው፣ ይንቀጫቀጫል። ይሄኛው ቫልቭ ነው፣ ቀጭን ምት አለው። ጩኸት የሚባል ነገር የለም፣ ያልተለየ ድምፅ ነው ያለው እያልኩ ስንቱን ልጅ አሠልጥኜ ጡረታ ወጣሁ።

ዘፈን ላይ ግን ይችን የራሴን ትምህርት አንድም ቀን አልሠራሁባትም። የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው።

እኔ የእንጉርጉሮ ሰው ነኝ። ዘፈን ሆዴን ባር ባር ካላሰኘኝ ዘፈን አይመስለኝም። ያደግኩት ለገሃር አጠገብ ነው። ባቡር ሲነሳ ነጠላ የሚያውለበልብ፣ ከፉርጎው ጎን የሚሮጥ፣ ሐዲዱ ላይ ቆሞ የሚቀር ሰው በየጊዜው አያለሁ። ሳይነካኝ አልቀረም። ደግሞ ድሬ ናት። በአንዱ መስኮት ሶማልኛ፣ በአንዱ ኦሮምኛ፣ በአንዱ አማርኛ ይዘፈናል። ቋንቋውን ሳልሰማ እንኳ የትኛው ዘፈን ሆድ እንደሚያባባ አውቅ ነበር። አሊ ቢራ የዚችው ከተማ ልጅ ነው። ስሙን የሰጠው በልጅነቱ አፍረን ቀሎ ከሚባለው የሙዚቃ ቡድን ጋር የዘፈነው የመጀመሪያ ዘፈኑ ነው። ቢራ በኦሮምኛ ክረምቱ ወጥቶ ሰማይ የሚጠራበት ወቅት ነው። እንዲህ ያለ ብሩህ ስም ይዞ፣ ኡዱን አንስቶ ዝግ አድርጎ ሲጫወት ግን እኔ ውስጤ ይደፈርስ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ያረፈ ዕለት ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሻዬ ቀዝቅዞ ቀረ።

አንድ ሙዚቃ አስተማሪ ጓደኛ ነበረኝ። ይሄ ባር ባር የሚያሰኘኝ ነገር ምን እንደሆነ በክራር አሳየኝ። ትዝታ ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ሚንና ላን ግማሽ ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋቸው፣ ትዝታ ማይነር ሆነልህ። በቃ። ሁለት ክር ትንሽ ላላ ማለት ነው። ለዚያች ግማሽ ድምፅ ነው ዕድሜዬን ሙሉ ስተክዝ የኖርኩት። ታዲያ የሚያስጨንቅ ድምፅ ሁሉ ለቅሶ እንዳይመስላችሁ። አንቺ ሆዬ የሚባለውን ቅኝት ውሰዱ። ድምፆቹ ብቻቸውን ሲሰሙ ሰው የሚያስጨንቁ ናቸው። እኛ ግን ሠርግ ላይ እስክስታ እንወርድባቸዋለን።

እንደኔ ሐዘን ያለበት ዘፈን የምትወዱ ልጆች ካላችሁ፣ ሰው ሁሉ «ፈታ በል እንጂ!» እንደሚላችሁ አውቃለሁ። ባለቤቴም ሃምሳ ጊዜ «ቤቱን ለቅሶ ቤት አደረግከው» ብላኛለች። አትስሟቸው። የከፋው ሰው የሚያለቅስ ዘፈን ሲሰማ ሌላም የከፋው ሰው እንዳለ ያውቃል። ይሄ በሽታ አይደለም። እኔ የምሰጋው ሌላ ነገር ነው። ወርክሾፑ ጸጥ ያለ ጊዜ፣ ያ ሁሉ ሞተር ቆሞ እኔም ቤት ስውል፣ ከሰዓት ሲሆን በር ዘግቼ አንዱን ካሴት ደጋግሜ እሰማ ነበር። ሁልጊዜ ያው ካሴት፣ ያው ሰዓት፣ ያው ፍራሽ። ጫትም አለ መቼም፣ ለድሬ ሰው አልደብቅም። ያኔ ዘፈኑ ማጽናናቱን ትቶ ነበር። እኔ ግን በሩን አልከፍትም አልኩ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ኩራት ነው። ፈጣን ዘፈን ለሕፃናት ነው እል ነበር። ጊታር የሚጮህበትማ ጭራሽ ሙዚቃ አይደለም። ልጆቼ የሆነ ነገር ሲከፍቱ ሳልሰማው እፈርድበታለሁ። የወደድኩት ዘፈን ቀስ በቀስ መታወቂያዬ ሆነ። «እኔ የትዝታ ሰው ነኝ» ካልኩ በኋላ ሌላ ነገር ብወድ ክህደት መሰለኝ። ሰውን እንዲህ የሚያደርገው ምን እንደሆነ እንጃ። የማውቀው ብዙ ዓመት እንደበላኝ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ማታ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር፣ ከእህቴ ልጅ ጋር ተቀምጠናል። ሙቀቱ በረድ ብሏል። ሳምቡሳ ይዘናል። ስልኩን አወጣና «አጎቴ፣ እስቲ ይሄን ስማ» አለኝ። የድሬ ልጅ ነው፣ «አንተ» ነው የሚለኝ። ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ይሄን ሲሰማ ሁልጊዜ ይደነግጣል፤ እኛ ዘንድ «እርስዎ» የተቀየመ ሰው ቋንቋ ነው።

አንዱን ማዳመጫ ጆሮዬ ውስጥ ከተተው። ሁለት ጊታር፣ ቆርቆሮ በመጋዝ እንደሚቆርጥ ሰው። ከበሮው ይወቅጣል። ላወጣው እጄን ስሰድ ሳክስፎን ገባ። ያን ድምፅ ኢትዮጵያ ውስጥ የማያውቀው የለም። ጌታቸው መኩሪያ ነው።

«ምን አባቱ ያደርጋል እዚህ?» አልኩ።

ልጁ ሙድ እየያዘብኝ ነገረኝ። ባንዱ ዘ ኤክስ ይባላል። ሆላንዶች ናቸው፣ በ1979 እ.ኤ.አ. ፓንክ የሚባለው ኃይለኛ የሮክ ሙዚቃ ሲጋጋል የተነሱ። በ2004 እ.ኤ.አ. 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ጌታቸውን ጋበዙት። በኋላ እንዲያጅቡት የጠየቃቸው ራሱ ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. አልበም አወጡ። ያኔ ሰባ ዓመት አልፎት ነበር። ፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ የተጫወተ፣ ሽለላና ፉከራን ከጉሮሮ ወደ ሳክስፎን ያሻገረ ሰው፣ ሰባ ዓመቱ ላይ እነዚህን ቆርቆሮ ቆራጮች መረጠ።

ማዳመጫውን መለስኩለት። «ጩኸት ነው» አልኩት።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ያ ተለማማጅ ትዝ አለኝ፣ ፊቱን ያጨማደደው።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በማግስቱ «ለአንድ ጓደኛዬ ነው» ብዬ ልጁ በቴሌግራም እንዲልክልኝ አደረግሁ። አቦ፣ ሽማግሌ ሲዋሽ ደስ አይልም። ልጁም ገብቶታል፣ ዝም አለኝ። ከዚያ እንደ ሞተር አደረግኩት። መጀመሪያ ከበሮውን ብቻ ተከተልኩ። የምትመታው ሴት ናት። ምቷን ካገኘሁት በኋላ ልለቀው አልቻልኩም። የድሮው ሐዲድ መገጣጠሚያው በብሎን የታሰረ ነበር፤ ባቡሩ ባለፈበት ቁጥር ቱክ-ቱክ፣ ቱክ-ቱክ ይላል። ያ ነው። በሁለተኛው ቀን አንዱን ጊታር ለየሁ። እንደምናውቀው ጊታር ዜማ አይጫወትም። አጭር አጭር ይቆርጣል፣ ሌላው ክፍተቱን ይሞላለታል፣ እንደ ሁለት መዶሻ በአንድ ብረት ላይ። አንዱ ቢሳሳት ሁለቱም ይበላሻሉ። ሳይነካኩ ነው የሚያልፉት። ይሄን ለመሥራት ምን ያህል መስማማት እንደሚያስፈልግ ወርክሾፕ የሠራ ሰው ያውቃል።

በሦስተኛው ቀን ሳክስፎኑን። እዚህ ላይ ነው የተሸነፍኩት። አባቴ ከመንዝ ለባቡር ሥራ የመጣ ሰው ነው። በእሱ ሀገር ጀግና ሲሞት ለቅሶው ላይ ይፎከራል። ሴቶቹ ሙሾ ያወርዳሉ፣ ወንዱ ይንጎራደዳል፣ ድምፁ ይቀደዳል። በልጅነቴ አንድ ጊዜ ወስዶኝ አይቻለሁ። የሚፎክረው ሰውዬ የተቆጣ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ለካ እያለቀሰ ነበር። ጌታቸው ከነዚያ ጊታሮች በላይ ሲወጣ የሰማሁት ያንን ሰውዬ ነው። እኔ ሐዘን ዝግ ያለ፣ በአንድ ክራር የሚነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። እየጮኸ የሚያዝን ሰው እንዳለ አውቄ ረስቼው ነው። ጊታሮቹም ቢቀነሱለት ኖሮ ያ ጩኸት ብቻውን ቆሞ እንደ እብድ ይመስል ነበር። ለቅሶ ቤት አጃቢ ያስፈልገዋል።

ይሄን ስላችሁ ሁሉንም ውደዱ ማለቴ አይደለም። የዚያው ባንድ ሌሎች ሥራዎች ተልከውልኛል። ሰውዬው በማላውቀው ቋንቋ የሚለፈልፍበት አንድ አለ። ካቻቢቴውን ከየአቅጣጫው አስጠግቼበታለሁ። ከበሮውን ለየሁ፣ ጊታሩን ለየሁ። አሁንም አልወደውም። ግን አሁን የማልወደው አውቄው ነው። በፊት የምጠላውን አላውቀውም ነበር።

እናንተ ደግሞ ተገላቢጦሹ ይደርስባችኋል። የአባታችሁን ትዝታ «ያው ነው፣ ሁሉም አንድ ነው» ትላላችሁ። አንድ አይደለም። ከድምፃዊው ጀርባ ያለውን ማሲንቆ ብቻ ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱ። ግጥሙን አሁን ተዉት። ማሲንቆው ድምፃዊው ተንፍሶ እስኪመለስ ምን እንደሚያደርግ ስሙ። አንድ ሳምንት ስጡት። ከዚያ በኋላ ካልወደዳችሁት ከእኔ ጋር ጠብ የለንም።

ይሄን ስጽፍ ከሰዓት ነው። ድሬ እንደ ምጣድ ግላለች፣ መንገድ ላይ ባጃጅ እንኳ የለም። ወረቀቱን አስቀምጬ ያን የድሮ ካሴቴን ላስገባ ስል ባለቤቴ ከጓዳ ተጣራች።

«ለቅሶውን ልትጀምር ነው? እነዚያን ሆላንዶች ብትከፍት ይሻላል፣ ቡና ስወቅጥ ምታቸው ይመቸኛል!»