ፐርሲ ጃክሰንን ለጨረሰ ልጅ ቀጥሎ ምን ይሰጠው?

እህቴ፣ የ13 ዓመት ልጅሽ የፐርሲ ጃክሰንን መጻሕፍት ከጨረሰ ወዲህ ሌላ መጽሐፍ አልይዝ እንዳለሽ፣ የ15 ዓመቷ እህቱም የምታነበው እንዳጣች ጽፈሻል። አዲስ የጀብዱና የፋንታሲ ልብ ወለድ ጠቁሙኝ ብለሽ “ጥንቆላ የበዛበት ግን ባይሆን” የሚል ማሳሰቢያም ጨምረሻል። እኔ እዚሁ አዲስ አበባ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፤ የትምህርት ቤታችንን ቤተ መጻሕፍትም ደርቤ እይዛለሁ። ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያሉ ልጆች የትኛውን ወስደው የትኛውን ሳይጨርሱ እንደሚመልሱ ዘወትር ስለማይ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከሁሉ በፊት ልጅሽን ከፐርሲ፣ ከግሪክ አምላክ ከተወለደው አሜሪካዊ ልጅ፣ ምኑን እንደወደደው ጠይቂው። የግሪክ አማልክቱን ነው ወይስ ልጁን ራሱን? ብዙ ወላጅ “አማልክት ወደደ” ብሎ ወፍራም የግሪክ አፈ ታሪክ ይገዛል፤ ልጁ ሁለት ገጽ ገልጦ ይተወዋል። እኔ የማያቸው ልጆች በአብዛኛው የሚወዱት ፐርሲን ነው። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚባረር፣ ሲያነብ ፊደል የሚዘበራረቅበት፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችል ልጅ፤ ያም ሆኖ ታሪኩን ራሱ እያሾፈ የሚተርክ። ደራሲው ሪክ ሪዮርዳን መምህር ነበር፤ ታሪኩንም የጀመረው ተመሳሳይ ችግር ለነበረበት ለገዛ ልጁ ማታ ማታ እያወራለት ነው። ምዕራፎቹ ልብ አንጠልጣይ ቦታ ላይ ነው የሚቆሙት። እንግዲህ ልጅሽ የለመደው ይህንን ነው። ቀጥሎ ገና ሲከፈት ስለ መንግሥታት የዘር ሐረግ ሃምሳ ገጽ የሚተርክ መጽሐፍ ብትሰጪው፣ የቱንም ያህል የተሸለመ ቢሆን አይገፋበትም።

ለነገሩ “ጨረስኩ” ያለሽ የመጀመሪያዎቹን አምስት ከሆነ ገና ብዙ ይቀረዋል። ሪዮርዳን እ.ኤ.አ. በ2023 «ዘ ቻሊስ ኦቭ ዘ ጎድስ» የሚል፣ በ2024 ደግሞ «ራዝ ኦቭ ዘ ትሪፕል ጎደስ» የሚል አውጥቷል። በ2023ቱ ፐርሲ ዓለምን አያድንም። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከሦስት አማልክት የድጋፍ ደብዳቤ ማጻፍ አለበት፤ አማልክቱም እያንዳንዳቸው ሥራ ሳያሠሩት አይፈርሙለትም። ከመሥሪያ ቤት ወረቀት ለማስፈረም ተመላልሶ የሚያውቅ ወላጅም አብሮ ይስቃል።

ከዚያ ውጭ ለልጅሽ አስቀድሜ የምሰጠው የቢ. ቢ. አልስተንን «አማሪ ኤንድ ዘ ናይት ብራዘርስ» ነው፤ በ2021 የወጣ። አማሪ ፒተርስ ድሃ ሰፈር የምታድግ ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ በነፃ የትምህርት ዕድል በገባችበት የሀብታም ልጆች ትምህርት ቤት ይንቋታል። በሁሉ ነገር የተሳካለት ታላቅ ወንድሟ ኩዊንተን ደብዛው ጠፍቷል። አንድ ቀን ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ የሚል ቦርሳ ታገኛለች፤ እሱን ተከትላም ከተፈጥሮ በላይ የሆኑ ፍጡራንን የሚቆጣጠር ድብቅ መሥሪያ ቤት ትገባለች። የሚያወራ ሊፍት አለ፣ የመግቢያ ፈተና አለ፣ የባለሥልጣን ልጆች አሉ። ወንድሟን ፍለጋ ሄዳ ያላት ችሎታ የተከለከለ ዓይነት ሆኖ ይገኛል፤ እዚያም እንደ ወንጀለኛ ያዩዋት ጀመር። ልጆቹን ጥርቅም አድርጎ የሚይዛቸው ይህ ቦታ ነው። ወንዶቹ ሽፋኑ ላይ ሴት ልጅ ሲያዩ “የሴት ነው” ብለው ሊመልሱት ይሞክራሉ። እኔ ስሰጣቸው ስለ አማሪ ምንም አልልም፤ “ወንድሟ የት እንደገባ እስኪ አንተ ድረስበት” ብዬ ነው የምሰጣቸው። ሁለተኛው ክፍል በ2022፣ ሦስተኛው በ2024 ስለወጣ ቀጣዩን ለዓመታት የሚያስጠብቅ ነገር የለም።

የነዲ ኦኮራፎርን «አካታ ዊች» ሳላነሣ አላልፍም። በ2011 የወጣ ስለሆነ አዲስ አይባልም፤ ተከታዮቹ ግን በ2017 እና በ2022 ወጥተዋል። ሰኒ ኒውዮርክ ተወልዳ ከናይጄሪያውያን ወላጆቿ ጋር ናይጄሪያ የተመለሰች የ12 ዓመት ልጅ ናት። አልቢኖ በመሆኗ ፀሐይ ስለማይስማማት የምትወደውን እግር ኳስ እንደልቧ ቀን መጫወት አትችልም። እዚያ ስትሄድ አሜሪካዊት ይሏታል፤ በመልኳም ያሾፉባታል። ከውጭ ተመልሰው እኛ ትምህርት ቤት የገቡ ልጆች ይህንን መጽሐፍ ከእጃቸው አይለዩትም፤ ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልገኝም። እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነው። ሰኒ በገባችበት ድብቅ ዓለም ገንዘብ የሚገኘው በመማር ነው። አንድ ከባድ ነገር በገባሽ ቁጥር ቺቲም የሚባሉ የብረት ሳንቲሞች ከሰማይ እግርሽ ሥር ዱብ ዱብ ይላሉ፤ ከሁሉ ውዱ ደግሞ የመዳቡ ነው። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ሲመልሱ “ቺቲም ወደቀልኝ” መባባል ጀምረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ “አፍሪካዊ ነውና አንብበው፤ ማንነትህን እወቅበት” ብለሽ እንዳትሰጪው። ልጅ የቤት ሥራ ከሩቅ ይሸተዋል። ያንኑ መጽሐፍ “ልጆች የሚሰርቅ ሰው አለ፤ አራት ልጆች ሊይዙት ይወጣሉ” ብዬ ስሰጥ በሳምንት ይመለስልኛል፤ ለባህል ሳምንት ተብሎ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ግን አቧራ ይጠጣል።

የጥንቆላው ነገር የሚመጣውም እዚሁ ላይ ነው። «አካታ ዊች» ውስጥ ጁጁ የሚባለው የምዕራብ አፍሪካ አስማት በግልጽ አለ፤ ክፉው ሰውዬም ልጆችን የሚገድለው ለዚሁ ሥራ ነው። ይህ ቤታችሁ የማይዋጥ ከሆነ እለፉት፤ በዚህ አልከራከርም፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሥርዓት አለው። ግን እስኪ ልጠይቅሽ፣ ልጅሽ ሲያነበው የከረመው ፐርሲ እኮ ዜውስና ፖሲዶን ልጅ የሚወልዱበት መጽሐፍ ነው! የግሪኩን ጣዖት ሁሉ እንደ ተረት አሳልፈን ስሙ የአፍሪካ ሲሆን ብቻ የምንደነግጠው ነገር ይገርመኛል። እኔ ለወላጆች የምለው የመጽሐፉን የመጀመሪያ ሁለት ምዕራፍ ራሳችሁ አንብቡ ነው። ርዕሱን ብቻ ዓይቶ መፍረድ አይበቃም፤ «አማሪ» ለምሳሌ ርዕሱ ምንም አይልም፣ ውስጡ ግን ከዳር እስከ ዳር አስማት ነው። ያ አስማት ግን ደራሲው ለጨዋታ የፈጠረው ነው፤ ከማንም አምልኮ ጋር አይገናኝም። ብዙ ወላጆች ይህንን ሲያዩ ልባቸው ያርፋል።

አስማቱ በእንስሳት በኩል የሚመጣበት ደግሞ የካትሪን ራንደል «ኢምፖሲብል ክሪቸርስ» አለልሽ። በእንግሊዝ በ2023 ወጥቶ ዋተርስቶንስ የተባለው የመጻሕፍት መደብር የዓመቱ መጽሐፍ ብሎ መርጦታል። ክሪስቶፈር የተባለ ልጅ ስኮትላንድ ወደሚኖሩት አያቱ ይሄዳል፤ እዚያም በተረት ብቻ የምናውቃቸው ፍጡራን ገና በሕይወት ወደሚኖሩባቸው ደሴቶች የሚያስገባ በር አለ። ማል የምትባል፣ ነፋስ ሲነፍስ በካፖርቷ የምትበር ልጅ ነፍሰ ገዳይ እያሳደዳት ትመጣለች፤ በእጇ ግማሹ ንስር ግማሹ አንበሳ የሆነ የግሪፊን ግልገል ይዛለች። መጽሐፉ ውስጥ የፍጡራኑ መዝገብ ከነሥዕላቸው ስላለ ማንበብ የማይወዱትም ቢሆኑ እሱን እየገለጡ ነው የሚገቡበት። ዓረፍተ ነገሮቿ ያምራሉ፤ እንግሊዝኛው ከ«አማሪ» ትንሽ ይከብዳል። መጨረሻው ላይ ከባድ ሐዘን አለ፤ ልጅሽ ሆደ ቡቡ ከሆነ አጠገቡ ሁኚ። ሁለተኛው ክፍል በ2025 ወጥቷል።

ወደ ልጅቷ ልምጣ። ለ15 ዓመቷ የጆርዳን ኢፉዌኮን «ሬይቤረር» እመርጣለሁ። ታሪሳይ የምትባል ልጅ ከሰው ተለይታ ታድጋለች፤ እናቷ “እመቤቲቱ” ብቻ ተብላ የምትጠራ፣ ብቅ እያለች የምትጠፋ ሴት ናት። ልጅቷ የእናት ፍቅር እንደተራበች ወደ ቤተ መንግሥት ትላካለች፤ የአልጋ ወራሹን ልብ እንድታገኝና፣ ከሰው ሁሉ አብልጣ በወደደችው ሰዓት እንድትገድለው። ትእዛዙ እናቷ ያሰረችባት ስለሆነ በፈቃዷ ልትጥሰው አትችልም። እናትን ማስደሰትና ራስን መሆን ሲጋጩ ምን ይደረጋል? የዚያ ዕድሜ ሴት ልጆች ይህንን አንብበው ሲመልሱ ዝም ብለው አይመልሱም፤ ወንበር ስበው ያወሩኛል። በ2020 እና በ2021 የወጡ ሁለት መጻሕፍት ናቸው፤ እዚያው ያልቃል። ማለቁን እንደ ትልቅ ነገር እቆጥረዋለሁ፣ ምክንያቱም ሦስትና አራት ክፍል ያለውን ተከታታይ እዚህ አገር አሟልቶ ማግኘት ፈተና ነው።

የቶሚ አዴዬሚ «ቺልድረን ኦቭ ብለድ ኤንድ ቦን» ብዙ ሰው ይጠቁምሻል፤ በ2018 ሲወጣ ዓለምን ያዳረሰ መጽሐፍ ነው። አስማት የነበራቸውን ሰዎች ንጉሡ ጨፍጭፏል፤ እናቷ የተገደለችባት ዜሊ ከቤተ መንግሥት ከጠፋችው ልዕልት ጋር ሆና አስማቱን ለመመለስ ትነሣለች። እንደ ፈረስ የሚጋለብ ቀንዳም አንበሳ አላት። ግሩም ነው፤ ነገር ግን ግርፋቱ፣ እሳቱ፣ እልቂቱ በዝርዝር የተጻፈ ስለሆነ ለ13 ዓመቱ አልሰጥም። ለልጅቷ ይሆናል። ተራኪዎቹ ሦስት ስለሆኑ የምዕራፉ አናት ላይ የተጻፈውን ስም እንዳትዘል ንገሪያት፤ እሱን ዘልለው “ግራ ገባኝ” ብለው የሚመልሱ አሉ። ሦስተኛውና የመጨረሻው በ2024 ወጥቷል፤ እንደ መጀመሪያው አልጣመኝም።

ምንም አስማት የሌለበት ጀብዱ ከፈለግሽ የኤልዛቤት ሌርድ «ዘ ፕሪንስ ሁ ወክድ ዊዝ ላየንስ» አለ፤ የ2012 መጽሐፍ። ስለ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ከመቅደላ ውድቀት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በ1879፣ በ18 ዓመቱ እዚያው ያረፈው የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ። ባሻ ፈለቀ እያልን የምንጠራው እንግሊዛዊ መኮንን ካፒቴን ስፒዲም አለበት። ታሪኩን በትምህርት ቤት የሰማ ልጅ መጨረሻውን ያውቀዋል፤ ቢሆንም በልጁ ዓይን ሲያየው ሌላ ነገር ነው።

በአማርኛስ? ለዚህ ዕድሜ የተጻፈ ፋንታሲ ከመደርደሪያችን ላይ ብዙም የለኝም። የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» (2001 ዓ.ም.) የጣናን ገዳማት ከስለላና ከሳይንስ ጋር አያይዞ የሚሄድ ስለሆነ ትልልቆቹ ይሻሙበታል፤ ለልጅሽ ግን ሁለት ሦስት ዓመት ይቆይ። የሚቆጨኝ ግን የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» ራሱ ጀብዱ መሆኑ ነው፤ ሮም ላይ በ1900 ዓ.ም. የታተመው። ወንድሟ ጠፍቶባት የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ የምትወጣ ልጅ፣ እሷን ወንድ መስላት የምትወዳት የቤተ መንግሥት ልጅ... ምን ጎደለው? አማርኛው ለዛሬ ልጅ ስለሚከብድ እኔ ክፍል ውስጥ በቃሌ ነው የምተርከው። ማታ መብራት ሲጠፋ ሞክሪው።

ስለ ማግኘቱ ደግሞ። አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋ የፐርሲ የመጀመሪያዎቹ አልፎ አልፎ ይገኛሉ፤ ከላይ ያልኳቸው አዳዲሶቹ ግን ብርቅ ናቸው። በቴሌግራም የሚዘዋወረውን ፒዲኤፍ ለልጅ አልመክርም፤ የደራሲውን ድካም መብላቱ አንድ ነገር ሆኖ፣ ስልክ ላይ የሚያነብ ልጅ ገጹን ሳይጨርስ መልእክት ይመጣበታል። ያለው መንገድ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነው። ለዘመድ “አማሪ የሚል መጽሐፍ” ብለሽ እንዳትልኪ፤ ሦስተኛውን ይዞ ከተፍ ይላል። የሽፋኑን ፎቶ ላኪለት፣ የመጀመሪያው ክፍል መሆኑን ጻፊ፣ ለሻንጣውም እንዲቀለው ልባሱ ወረቀት የሆነውን እንዲገዛ ንገሪው። አንድ ብቻ ነው የምይዘው ካለሽ «አማሪ»ን ይያዝ፤ እህቱም ታነበዋለች። ሁለት ከቻለ «ሬይቤረር» ይጨመር።