ከረሜላ፣ ኩሽኔታ እና የጎረቤት ኮክ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከተለያየ ቦታ የተጻፉ ቢሆኑም ሦስቱም የልጅነትን ጣፋጭ፣ መጫወቻና ጥፋት የሚያነሡ ስለሆኑ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። በጸሐፊዎቹ ፈቃድ መሠረት ስማቸውን አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ አካባቢ፣ በ1970ዎቹ ነው። አባታችን ደመወዝ በተቀበለ ቀን ለእኔና ለሁለቱ ወንድሞቼ አንድ አምስት ሳንቲም ይሰጠን ነበር። በእርሷ የገዛናትን አንዲት ደስታ ከረሜላ በቀሚሴ ጫፍ ጠቅልዬ በጥርሴ እሰብራትና ለሦስት እንካፈላታለን። ባለፈው ፋሲካ ከአገር ቤት የመጣች ዘመዳችን አንድ ከረጢት ሙሉ ከረሜላ አመጣችልኝ። ማታ ብቻዬን ወጥ ቤት ተቀምጬ አንዷን ፈትቼ ብጎርሳት ጣፋጭነቷ ከበደኝና ሳልጨርሳት ተውኳት፤ ከዚያም ለምን እንደሆነ ሳላውቀው አለቀስኩ። የተለወጠው ከረሜላው ነው ወይስ እኔ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እኅታችን፣ በቅድሚያ ምላስዎ አልዋሸዎትም። ልጆች ከአዋቂዎች ይልቅ ጣፋጭነቱ የበረታ ነገር እንደሚወዱ፣ ይህም ፍላጎት የጉርምስና ዕድሜ እያለፈ ሲሄድ እንደሚቀንስ በጥናት የታወቀ ነው። በስምንት ዓመትዎ ልክ ሆኖ ያገኙት ጣዕም ዛሬ ቢከብድዎት የሚጠበቅ ነው፤ ያው ከረሜላ፣ በዚያው እጅ፣ በዚያው ስኳር ተሠርቶ ቢቀርብልዎትም ሳይከብድዎት አይቀርም ነበር።

ይሁን እንጂ ያስለቀሰዎት ይህ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። በዚያ ዘመን ስኳር ምን እንደነበረ ያስታውሱ። የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስኳር በአገራችን ቢመረትም እርስዎ ባደጉበት ጊዜ የነበሩን ፋብሪካዎች ወንጂ፣ ሸዋና መተሐራ ብቻ ነበሩ። የከተማው ሰው ስኳሩን ከቀበሌው ኅብረት ሱቅ ተሰልፎ በራሽን ነበር የሚወስደው። በብዙ ቤት እናት ስኳሩን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ከመቀነቷ ጋር ታስረው ነበር፤ ሻይ እንኳ የሚጣፍጠው እንግዳ ሲመጣ ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ እጅ ላይ አንዲት ከረሜላ ስትወድቅ፣ በቤቱ ውስጥ ማንም ሳይቆልፍበት የእርሱ የሆነ ስኳር ያገኘው በዚያች ቅጽበት ነው። ወረቀቷ እንኳ አይጣልም ነበር፤ በጥፍር ተዳምጦ፣ ተለስልሶ፣ ደብተር መሐል ይቀመጣል። እኔ ራሴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ በቀለም በቀለም ለይቼ አስቀምጬው ነበር።

ስለ ቀሚስዎ ጫፍ የጻፉትን ሳነብ ብዙ ቆየሁበት። ከረሜላን በልብስ ጠቅልሎ መስበርን ማንም ያስተማረን ሰው የለም፤ ሆኖም በየሰፈሩ የሚኖር ልጅ ሁሉ ያውቀው ነበር። ጨርቁ ስብርባሪው እንዳይበተን ይይዛል፤ ከዚያም በላይ የሰባሪው ምራቅ የሌላውን ድርሻ እንዳይነካ ይከላከላል። ይህን የሚያህል ጨዋነት ከሰባት ዓመት ልጆች መካከል መገኘቱ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። በእኛ ሰፈር ደግሞ የሰበረው ልጅ ድርሻውን የሚያነሣው በመጨረሻ ነበር፤ ስለዚህ ሰባሪው እኩል ለማድረግ ይጠነቀቃል። እርስዎ ባለፈው ፋሲካ የቀመሱት ያልተሰበረ፣ ያልተካፈለ፣ ማንም ድርሻውን የማይጠብቅበት ከረሜላ ነበር። ከረጢቱን አይጣሉት። በሚቀጥለው ጊዜ ወንድሞችዎ ወይም ልጆችዎ ባሉበት አንዷን ብቻ አውጥተው በልብስዎ ጫፍ ይስበሯት፤ ጣዕሟ እንደ ቀድሞው ይሆናል ብዬ ቃል አልገባልዎትም፣ ግን ይጨርሷታል።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ባለፈው ክረምት መብራት በጠፋበት ምሽት «አባዬ፣ አንተ ልጅ ሳለህ በምን ነበር የምትጫወተው?» ብሎ ጠየቀኝና ስለ ኩሽኔታ ጋሪ፣ ስለ ቸርኬ፣ ስለ ከመነዳሪ ስነግረው አንዱንም ቃል ሳያውቀው ቀረ። እነዚህ ቃላት ከየት መጡ? ኩሽኔታ ጋሪስ ዛሬ ከልጄ ጋር ለመሥራት ብፈልግ እንዴት ባደርግ ይሻላል? (ከአዲስ አበባ፣ ልደታ)

መልስ፦ የልጅዎ ጥያቄ በጣም ደስ ብሎኛል፤ መልሱም የሚወስደን ወደ ጋራዥ ነው። የጠቀሷቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጊዜ መኪናው፣ መንገዱና መለዋወጫው ስሙን ይዞ ገባ፤ ከድሉም በኋላ በአገራችን ከቀሩት ጣሊያኖች ብዙዎቹ ጋራዥና የእጅ ሥራ ቤት ከፍተው ስለነበር ከእነርሱ ዘንድ ሙያ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ሜካኒኮች ቃሉን በአማርኛ አፍ አለዝበው አስቀሩት። «ኩሺኔቶ» በጣሊያንኛ ትንሽ ትራስ ማለት ነው፤ ብረት ከብረት ጋር ሳይፋጭ እንዲሽከረከር በመካከላቸው የሚገባው ባለ ኳስ ቀለበትም በዚሁ ስም ይጠራል። «ካሜራ ዳሪያ»፣ የአየር ክፍል ማለት ሲሆን የጎማውን ውስጠኛ ላስቲክ ያመለክታል፤ እኛ ከመነዳሪ አልነው። ቸርኬ «ቼርኪዮ» ከሚለው፣ ክብ ወይም ቀለበት ከሚባለው የመጣ ነው። ጎማ፣ ፍሬን፣ ብሎን፣ ከላይ ያነሣናት ከረሜላ ራሷ እንኳ የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ለልጅዎ ሲነግሩት ከቃሉ ጋር ዕቃውንም ያስከትሉለት ዘንድ እለምንዎታለሁ፤ ምክንያቱም የእኛ መጫወቻ ሁሉ ለሌላ ሥራ ተሠርቶ ሥራውን የጨረሰ ዕቃ ነበር። ኩሽኔታው የጭነት መኪና ተሸክሞ ዓመታት ካገለገለ በኋላ ነው ወደ እኛ የሚመጣው። ቸርኬው የአንድ ሰው ቢስክሌት ነበረ፤ እኛ በሽቦ ወይም በዱላ እየገፋን ሰፈሩን አዞርነው። የጠርሙስ ቆርኪ ተቀጥቅጦ፣ ሁለት ቦታ ተበስቶ፣ ክር ገብቶለት እየጮኸ ይሽከረከራል፤ ወይም የሽቦ መኪና እግር ይሆናል። ያረጀ ካልሲ ጨርቅ ተጠቅጥቆበት ኳስ ይሆናል። ከእኛ በላይ የሚፈልገው ቢኖር «ቆራሌው!» እያለ በየበሩ የሚያልፈው ሰው ነበር፤ ከእርሱ ጋር በጠርሙስና በቆርቆሮ ላይ እውነተኛ ፉክክር ነበረን።

ወደ ጋሪው ልመለስ። ያረጀ ኩሽኔታ ሶማሌ ተራ ከመለዋወጫ ነጋዴዎች፣ ወይም መርካቶ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ብረት መካከል ያገኛሉ፤ ሰፈርዎ ውስጥ ጋራዥ ካለ ግን ልጅዎን ይዘው ሄደው ራሱ እንዲጠይቅ ቢያደርጉት ይሻላል፤ እኛም የምናገኘው እንደዚያው በልመናና በመላላክ ነበር። አራት፣ ካልሆነም ሦስት ያስፈልግዎታል። ልጅዎን ቁጭ ብሎ የሚይዘው ወፍራም ጣውላ ከተገኘ በኋላ ሁለት አግዳሚ እንጨቶች ያዘጋጁ፤ ጫፋቸው ተጠርቦ ክብ ይሁንና በኩሽኔታው ቀዳዳ ውስጥ በጥብቀት ይግባ፤ እንዳይወልቅም ከውጭ በኩል ሚስማር ይመታበት። የኋላው አግዳሚ በጣውላው ላይ በሚስማር ይጠበቃል። የፊተኛው ግን በመካከሉ በአንድ ብሎን ብቻ ይያዛል፤ ግራና ቀኝ እንዲዞር ነው። በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ገመድ ያስሩ፤ መሪው እርሱ ነው። ኩሽኔታው ውስጥ ጥቂት ግሪስ ማድረግ አይርሱ።

እኛ ያልሠራነውና እርስዎ ግን እንዲሠሩ አጥብቄ የምለምንዎት ፍሬኑን ነው። እኛ የምናቆመው በጫማችን ተረከዝ ነበር፤ እኔ በቁልቁለት ወርጄ የድንጋይ አጥር ላይ የተጋጨሁበት ጠባሳ ዛሬም ግራ ጉልበቴ ላይ አለ። አንድ እንጨት ከጎን በማጠፊያ ተይዞ፣ ጫፉ ላይ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ተቸንክሮበት፣ ሲጎተት መሬቱን የሚነካ ከሆነ ይበቃል። መንገዱ ደግሞ መኪና የማይገባበት ይሁን። በእኛ ጊዜ የኩሽኔታው ድምፅ አስፋልቱ ላይ ሲንጓጓ መኪና ከመምጣቱ በፊት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማው ነበር፤ ዛሬ የመኪናው ብዛት እንዲህ ያለውን እድል አይሰጥም።

ከመነዳሪን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ከእርሱ ላስቲክ ቆርጠን በባላ እንጨት ላይ አስረን ወፍ እንመታ ነበር። ስንት ወፍ እንደገደልን አላውቅም፤ የገደልናቸውን ግን አልበላናቸውም፣ የትም ነው የጣልናቸው። ይህን ለልጅዎ አያስተምሩት። ከዚያው ላስቲክ እኅቶቻችን ቀጥለው ሱዚ ይዘሉበት ነበርና እርሱን ያሳዩት።

ብይን ደግሞ ካስተማሩት ማን ይጀምር የሚለውን በሳንቲም ያስወስኑ፤ «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» ይበሉት። በ1969 ዓ.ም. በተሠራው ሳንቲም ላይ የአንበሳው ጎፈር እንጂ ዘውድ አልነበረበትም፤ እኛ ግን ከአባቶቻችን እንደ ሰማነው ዘውድ ማለትን አልተውንም።

ጥያቄ፦ ዛሬ ሽበት አብቅያለሁ። በልጅነቴ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ከአንዲት ጎረቤታችን ግቢ አጥር ዘለን ኮክ እንሰርቅ ነበር። አንድ ቀን ቅርንጫፉ ከነፍሬው ተገንጥሎ ወደቀና ሸሸን። ጎረቤታችን ያጠፋው አብሯቸው የሚኖረው የገጠር ዘመዳቸው ልጅ መስሏቸው ገረፉት። እኛ ከአጥሩ ውጭ ሆነን ሲያለቅስ እየሰማን ዝም አልን። እማማ አሁን አርጅተው አልጋ ላይ ናቸው። ሄጄ ልንገራቸው ወይስ በዚህ ዕድሜያቸው አላስጨንቃቸው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኮኩን በተመለከተ ብዙ ባይጨነቁ እመርጣለሁ። በዚያ ዘመን ዛፍ ያለው ግቢ ባለቤት ልጆች እንደሚገቡ ያውቅ ነበር፤ ብዙዎቹ እናቶች ወድቆ የተገኘውን ፍሬ ራሳቸው በእንቅብ አውጥተው ያድሉን ነበር። በር አንኳኩቶ መሮጥም፣ ኩኩሉ ስንጫወት ያለ ፈቃድ ሰው ቤት ጓሮ መደበቅም እንዲሁ ሲገሠጽና ሲታለፍ የኖረ ነው። ጎረቤት የሌላውን ልጅ ቆንጥጦ ቢቀጣ የልጁ እናት የምትሄደው ለማመስገን እንጂ ለመጣላት አልነበረም።

የልጁ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እናንተ አራታችሁ ወደየእናታችሁ ቤት ስትገቡ እርሱ እናቱ በሌለችበት ቤት፣ ከአገሩ ርቆ፣ ባልሠራው ተገረፈ፤ የሚመሰክርለትም አጣ። እማማ ምናልባት ያን ቀን ረስተውት ይሆናል፤ እርሱ ግን የሚረሳው አይመስለኝም። ስለዚህ መሄዱን ይሂዱ። ለታመመ ሰው እንደሚደረገው ስኳርና ቡና ይዘው ይግቡ፤ መጀመሪያ ጤናቸውን ይጠይቁ፣ ጉልበታቸውን ይሳሙ፣ አቅም አግኝተው ሲያዩዋቸው ብቻ ቅርንጫፉን የገነጠላችሁት እናንተ እንደነበራችሁ ይንገሯቸው። ቢደክሙ ግን ነገሩን ለሌላ ቀን አሳድረው ዘመዳቸው ዛሬ የት እንደሚኖር ብቻ ጠይቀው ይውጡ።

እርሱን ሲያገኙት ጓደኞችዎ ምን እንዳደረጉ፣ ቅርንጫፉን ማን እንደ ጎተተው፣ ልጆች እንደነበራችሁ አይዘርዝሩለት። «ያን ቀን ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ስታለቅስ ሰምቼሃለሁ» ብለው ይጀምሩ፤ ከዚያ በኋላ እርሱ የሚናገረውን፣ ቢቆጣም እንኳ፣ ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው ይስሙት።