ክራፍት ቢራ ለመሸጥ ላሰባችሁ፦ አራት ጣሳ 18 ዶላር ለምን ሆነ?

አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ የአጎቷን ስቶር ተረክባ ቢራና ወይን መሸጥ የጀመረችው እህታችን ትናንት የጠየቀችውን አሁን ነው ያየሁት። በአጭሩ፣ አራት ጣሳ ክራፍት ቢራ (ትንንሽ ጠማቂዎች የሚሠሩት) 18 ዶላር ነው፣ 12 ጠርሙስ ኮሮናም እዛው አካባቢ ነው፣ ሰው ለምን ይገዛዋል፣ በስንት ልሽጠው፣ ጣሳ ላምጣ ጠርሙስ፣ ሴልስማኑ 40 ዓይነት ውሰጂ እያለኝ ነው፣ አጎቴ የተወልኝ አሮጌ ቢራም ከኋላ ክፍል ተከምሯል ምን ላርገው ነው ያልሽው። ኮሜንት ላይ አብዛኛው ሰው "ተይው ክራፍት አይሸጥም" ብሎሻል። እኔ ዲሲ ውስጥ ስቶር ከያዝኩ 11 ዓመቴ ነው፣ ከዛ በፊት ሦስት ዓመት የሰው ቤት ካሸር ነበርኩ፣ በክራፍት ያገኘሁትም የከሰርኩትም ስላለ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ። ሥራ ላይ ሆኜ ነው፣ ፊደል ብገድፍ ይቅርታ።

እህቴ ክራፍት ቢራ ጎመን ነው እንጂ ምስር አይደለም። ምስር ጆንያ ሙሉ ገዝተሽ ብታስቀምጪው ዓመት ይቆይሻል፣ ጎመን ግን ዛሬ ካልሸጥሽው ነገ ሌላ ነገር ነው። ኮሮናና ባድ ላይት ምስር ናቸው በይ፣ በየሳምንቱ ስለሚወጡ ቀናቸውን ማየት እንኳን አያስፈልግሽም። አይፒኤ የሚባለው መራራው የክራፍት ቢራ ግን ሽታውና ጣዕሙ ያለው ሆፕስ ላይ ነው (ሆፕስ ማለት የፈረንጅ ጌሾ በይው) እና የሆፕስ ሽታ ደግሞ ቶሎ ነው የሚጠፋው። በተለይ ያ ደፍረስ ያለው ሄዚ የሚሉት ሦስት ወር ካለፈው እኔ በሙሉ ዋጋ አልሸጠውም። ሙቀት ደግሞ ይብስበታል። ቢራ ጠማቂዎች ሦስት ሠላሳ ሦስት መቶ የሚሉት አባባል አለ፣ 90 ፋራናይት ላይ 3 ቀን የተቀመጠ ቢራ፣ 72 ላይ 30 ቀን የተቀመጠና 38 ላይ 300 ቀን የተቀመጠ ሦስቱም እኩል አርጅተዋል እንደማለት ነው። ልክ በሳይንስ እንደዛ ባይሆንም ለእኛ ሥራ በቂ ነው። ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ የማይገባልሽን አይፒኤ አታምጪ። ሼልፍ ላይ ፒራሚድ ሠርተሽ መደርደር ለፎቶ ያምራል እንጂ።

የኔን ውርደት ልንገርሽ። መጀመሪያ አካባቢ ጥቅምት ላይ አንድ ፈረንጅ ደንበኛ ባለአራት ጣሳ አንስቶ ገልብጦ ከስር አየና "ይሄ አርጅቷል" አለኝ። እኔ ደግሞ ተቀብዬ ሳየው 02/09 ይላል፣ በኛ አጻጻፍ አንብቤ "ሴፕቴምበር 2 እኮ ነው የታሸገው፣ ገና አንድ ወሩ ነው" ብዬ ተከራከርኩት። ሰውዬው ሳቀ፣ "ፌብሩዋሪ 9 ነው" ብሎ በትህትና መልሶ አስቀምጦት ወጣ። ስምንት ወር! እዚህ አገር ወሩ እንደሚቀድም ጠፍቶኝ አይደለም፣ የቸኮለ ሰው ዓይን ግን የለመደውን ነው የሚያነበው። ከዛ ወዲህ ዴሊቨሪ ሲመጣ ኢንቮይሱን ከመፈረሜ በፊት ከየኬዙ አንድ ጣሳ ገልብጬ አያለሁ። "ፓክድ ኦን" የሚለው የታሸገበት ቀን ነው፣ "ቤስት ባይ" የሚለው የሚያልፍበት፣ ሁለቱን እንዳታምታቺ። ወር የሌለው አምስት ቁጥር ብቻ ካየሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሁለቱ ዓመት የቀረው ሦስቱ ከዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ነው፣ 24215 ካለሽ በፈረንጅ የ2024 215ኛ ቀን፣ ኦገስት 2 ማለት ነው። አሮጌ ከሆነ አልቀበልም በይ፣ ሾፌሩ ፊቱን ቢያጠቁር ያጥቁር።

አሁን ዋጋው ለምን እንዲህ ሆነ ወዳልሽው ልምጣ። መጀመሪያ በኦንስ አስቢው። 12 ጠርሙስ ኮሮና እያንዳንዱ 12 ኦንስ ስለሆነ 144 ኦንስ ነው፣ በ17.99 ብትሸጪው አንዱ ኦንስ 12 ሳንቲም ተኩል ይመጣል። አራቱ ጣሳ 16 16 ኦንስ ነው፣ 64 ኦንስ፣ በዛው በ17.99 አንዱ ኦንስ 28 ሳንቲም። ከእጥፍ በላይ ነው፣ ደንበኛሽ ሲጮህ እውነቱን ነው። ምክንያቱ ግን ሴልስማኑ እንደሚለው "ጥራት" ብቻ አይደለም። እኛ አገር አንድ ሳጥን ጊዮርጊስ ስትገዢ ባዶውን ሳጥን ከነ24 ጠርሙሱ መልሰሽ ነው፣ ጠርሙሱ ይታጠባል ደግሞ ይሞላል፣ አንድ ጠርሙስ ስንት ጊዜ ተመላልሶ ይሠራል። እዚህ ጣሳው አንዴ ከተከፈተ ሪሳይክል ገባ በቃ፣ ስለዚህ የጣሳው ዋጋ ሁሌም ቢራው ላይ አለ። ጣሳው በሚሠራበት አሉሚኒየም ላይ ደግሞ በፈረንጅ 2018 የ10 ፐርሰንት ታሪፍ መጣ፣ በ2025 ማርች ላይ 25፣ ጁን ላይ 50 ገባ።

ትንንሾቹ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቦል የሚባለው ትልቁ ጣሳ አምራች በ2021 መጨረሻ ላይ ትንሹን ትዕዛዝ ከአንድ ትራክ ወደ አምስት ትራክ አሳደገው፣ በአንድ ዲዛይን ወደ አንድ ሚሊዮን ጣሳ መሆኑ ነው። በየሳምንቱ አዲስ ቢራ የሚያወጣ የሰፈር ጠማቂ ሚሊዮን ጣሳ የት ያስቀምጠዋል? ስለዚህ ባዶ ጣሳ ከደላላ ገዝቶ ስቲከር ይለጥፍበታል፣ ማሸጊያ ማሽን ከሌለው በመኪና እየዞሩ የሚያሽጉ አሉ እነሱን ይቀጥራል። አንድ ነገር ላሳይሽ፣ ከፍሪጅሽ ሁለት ጣሳ አውጪና በጥፍርሽ ዳሩን ፈልጊ። የሚላጥ ስቲከር ካለው በትንሹ የተሠራ ነው፣ ቀለሙ ጣሳው ላይ የታተመው በብዛት የሚወጣ ነው። የመጀመሪያው ቶሎ ካልሸጥሽው የሚያስለቅስሽ፣ ግን ሌላ ቤት ስለማይገኝ ሰው ፈልጎት የሚመጣው ነው። በዛ ላይ ከጠማቂውና ካንቺ መሀል ዲስትሪቢዩተሩ አለ፣ የመጠጥ ክልከላው በ1933 ካበቃ ጀምሮ ጠማቂ፣ አከፋፋይ፣ ቸርቻሪ ተብሎ በሦስት የተከፈለ ነው፣ ሁሉም የየድርሻውን ቆርሶ ነው አንቺ ጋ የሚደርሰው።

በስንት ልሽጥ ላልሽው፣ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። 30 ፐርሰንት እፈልጋለሁ ብለሽ በ12.50 የገዛሽው ላይ 30 ፐርሰንት ከጨመርሽ 16.25 ይመጣል፣ ግን ከሽያጩ ኪስሽ የገባው 23 ፐርሰንት ብቻ ነው። ትክክለኛው 12.50ን ለ0.70 ማካፈል ነው፣ 17.86፣ በቃ 17.99 ለጥፊ። ልዩነቱ በአንድ ባለአራት 1.74 ነው፣ በአንድ ኬዝ ስድስት ባለአራት አለ፣ 10 ዶላር ከምናምን። እኔ ሁለት ዓመት እንደዛ ስሸጥ ኖሬ ነው አካውንታንቴ የነገረኝ፣ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ግን ማርጂን (ከሽያጩ የሚተርፍሽ ፐርሰንት) ብቻ አይታይም። ከኮሮናው ባለ12 ሦስት ዶላር ነው የማገኘው ከክራፍቱ አምስት ተኩል፣ ኮሮናው ግን በሳምንት 30 ይወጣል ክራፍቱ ስድስት ቢወጣ ነው። ስለዚህ ክራፍቱ የኮሮናን ፍሪጅ እንዳይሻማብሽ። እኔ ጋ ከስምንት የፍሪጅ በር ሁለቱ ብቻ ናቸው የክራፍት። ታክስም አትርሺ፣ ዲሲ መጠጥ ላይ 10.25 ፐርሰንት ስለሆነ የኔ 17.99 ካሸር ላይ 19.83 ይሆናል፣ ካንቺ ጋ 6 ስለሆነ እዛ ትንሽ ይቀልሻል። ሜሪላንድ 9 ነው። ከ20 ዶላር ሲያልፍ ሰው እጁን ይሰበስባል፣ ይሄን በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ያው ሳንቲሟ አይደለችም ቁጥሯ ናት።

ጣሳ ወይስ ጠርሙስ? ጣሳ። ብርሃን ቢራን ያገማዋል፣ ሆፕሱ ከብርሃን ጋር ሲገናኝ ያ የሽኮኮ ሽታ የሚሉት ይመጣል (የኛ ሽኮኮ አይደለም፣ ስከንክ የሚባለው የሚገማ እንስሳ ነው)፣ ቡናማ ጠርሙስ ደህና ይከላከላል አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ግን ከንቱ ነው። ድሮ "ጣሳ የርካሽ ነው" ይሉ ነበር፣ ኦስካር ብሉዝ የሚባለው የኮሎራዶ ጠማቂ በ2002 ዴልስ ፔል ኤሉን በጣሳ ማሸግ ከጀመረ ወዲህ ሁሉም ተከተለው። ትልቁ ባለ22 ኦንስ ጠርሙስ ሞቷል፣ አጎትሽ ጋ ካለ ከዛ ዘመን የቀረ ነው።

አሁን ኮርነር ስቶር ላለው ሰው የሚሸጠው ረጅሙ ጣሳ ነው፣ 19.2 ኦንስ፣ ነጠላውን። ከሥራ የወጣ ሰው 18 ዶላር አያወጣም፣ 3.49 ግን ሳያስብ ያወጣል፣ ቩዱ ሬንጀር ኢምፔሪያል የሚባለው አይፒኤ 9 ፐርሰንት አልኮል ስላለው ደግሞ አንድ ይበቃዋል። በኦንስ ስታይው 18 ሳንቲም ነው፣ ለሱም ከባለአራቱ ይሻለዋል። ዲሲ ያላችሁ ተጠንቀቁ፣ በአንዳንድ ዋርድ ነጠላ መሸጥ የተከለከለ ስለሆነ ፈቃዳችሁን አንብቡ፣ ባለስድስቱን ፈትቶ መሸጥም እዛው ውስጥ ይገባል።

ስለ 40 ዓይነቱ፣ በፍጹም። አንድ ሴፕቴምበር አንድ ሴልስማን (ድርጅቱን አልጠራም) የዱባ ቢራ 20 ኬዝ አሸከመኝ፣ "ሀሎዊን እስኪደርስ ያልቃል፣ ብዙ ከወሰድክ በኬዝ ሦስት ዶላር እቀንስልሃለሁ" ብሎ። ኖቬምበር 1 ጠዋት 14 ኬዝ ቁጭ ብሎ ያየኛል። የዱባ ቢራ ከሀሎዊን በኋላ ማለት የፋሲካ ዶሮ ከፋሲካ በኋላ ማለት ነው፣ ሰው ዞር ብሎ አያየውም። 60 ዶላር ቅናሽ አገኘሁ ብዬ ከስምንት መቶ ዶላር በላይ ደፋሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ፍራፍሬ የገባበት ኮምጣጣ ቢራ ከኋላ ክፍል አስቀምጬ ጁላይ ላይ ኤሲው ተበላሽቶ፣ ቅዳሜ ጠዋት ስከፍት ጣሳው ፈንድቶ ግድግዳው ሮዝ ሆኗል። ያልፈላ የፍራፍሬ ስኳር ሲሞቀው ጣሳ ውስጥ እንደገና መፍላት ይጀምራል፣ ጠጅ ጠላ የምታውቅ ልጅ ይሄ ይገባታል። ቤቱ ሁለት ሳምንት ዝንብ በዝንብ ነበር።

በስምንት ዓይነት ጀምሪ። ሁለት ሦስቱ ሁሉም የሚያውቃቸው ይሁኑ፣ ሴራ ኔቫዳ ሄዚ ሊትል ቲንግ፣ ቤልስ ቱ ሃርትድ፣ የፋውንደርስ ኦል ዴይ ባለ15ቱ። ባለ15ቱ ካርቶን ጥሩ ነው፣ ክራፍት ሆኖ እንደ ኮሮና የሚሸጥ። ግን በነዚህ እንደ ዌግማንስና ቶታል ዋይን ካሉት ትልልቅ ስቶሮች ጋር ዋጋ አትፎካከሪ፣ እነሱ አንቺ በምትገዢበት ይሸጡታል። አንቺ የምታሸንፊው በሰፈርሽ ቢራ ነው። ፖርት ሲቲ እዛው አሌክሳንድሪያ ነው የሚጠመቀው ከ2011 ጀምሮ፣ ኦፕቲማል ዊት የሚሉትን ያዢ። ድንብላልና የብርቱካን ልጣጭ፣ ደግሞ የኮረሪማ ዘመድ የሆነ ቅመም አለበት፣ መራራ አይደለም፣ አይፒኤ ቀምሶ ፊቱን ያጨማደደ አበሻ ሁሉ እሱን ሲቀምስ "ይሄ ምንድን ነው" ይላል። እኔ ለስንቱ አስለምጄዋለሁ። ከእያንዳንዱ ሁለት ኬዝ አይብለጥ፣ በሦስት ሳምንት ያላለቀውን ድጋሚ አታዢው። ገበያው እንደ ድሮው አይደለም፣ በ2024 ከተከፈቱት ይልቅ የተዘጉት ጠማቂዎች በልጠዋል፣ ስለዚህ ሴልስማኑ ካንቺ ይልቅ ተጨንቋል፣ አትፍሪው።

አሮጌው ስቶክ ቀረ። "አልተሸጠልኝምና መልሱልኝ" ማለት በፌደራል ሕግ ራሱ አይቻልም፣ ቀኑ ያለፈበትን ግን ጠማቂው የመቀየር ፖሊሲ ካለው ዲስትሪቢዩተሩ ይቀይርልሻል፣ ደውለሽ ጠይቂ፣ አይ ቢሉሽ ምንም አትጎጂም። ጥቁሩን ጠንካራውን፣ ስታውት የሚሉትን 10 ፐርሰንትና ከዛ በላይ ያለውን አትንኪው፣ እሱ ሲቆይ የሚወደድም አለ። ስድስት ወር ያለፈውን አይፒኤ ግን በግማሽ ዋጋም ቢሆን አትሽጪ፣ የገዛሽ ሰው ቅናሹን ሳይሆን ጣዕሙን ነው የሚያስታውሰው። ደፊው፣ ከመድፋትሽ በፊት ፎቶ አንሺና ለአካውንታንትሽ ስጪ፣ ኪሳራው ይያዝልሻል። መሀል ላይ ያለውን፣ ሦስት አራት ወር የሆነውን፣ ቀኑን በማርከር ካርቶኑ ላይ ጽፈሽ ቀንሰሽ አውጪው፣ ምን ያህል መቀነስ እንደምትችዪ መጀመሪያ የስቴትሽን ሕግ እዪ።

ዛሬ ማታ ከዘጋሽ በኋላ ጣሳዎቹን ገልብጪና ስማቸውን ከነቀናቸው ጽፈሽ እዚሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጪ፣ የቱ እንደሚሸጥ የቱ እንደሚደፋ አብረን እናያለን። እኔ ስዘጋ 4 ሰዓት ይሆናል፣ ከዛ በኋላ ነው የማየው።