ግድግዳውን በኮምፒውተር አታቅኑት

ቅርስ ሕንፃ መጠገንና ማጠናከር ላይ ልትሠሩ ያሰባችሁ ልጆቼ፣ ዲጂታል ሞዴሉን፣ ማለትም ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራውን የሕንፃውን ቅርጽ፣ ጠንቅቃችሁ ተማሩት። እኛ በሜትርና በቱንቢ ሳምንታት የፈጀብንን ልኬት ሌዘር ስካነር፣ በብርሃን ጨረር ርቀት የሚለካው መሣሪያ፣ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። የፓሪሱን ኖትር ዳም አስቡ። አንድሩ ታለን የተባለ የሥነ ጥበብ ታሪክ መምህር በፈረንጆቹ 2010 ካቴድራሉን ከ50 በላይ ቦታ ቆሞ በሌዘር ለካው፤ ከአንድ ቢሊዮን በላይ የልኬት ነጥብ ሰበሰበ። በ2019 ጣሪያው ሲቃጠል እሱ በሕይወት አልነበረም። ልኬቱ ግን ነበረ።

እኔን የሚያሳስበኝ ከልኬቱ በኋላ ያለው ነው። ከዓመታት በፊት አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ለማጠናከር ስንዘጋጅ አብሮኝ ያለ ጎበዝ ልጅ ከስካኑ ተነስቶ ሞዴሉን ሠራ። የጥንካሬ ስሌቱ አማረ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ሳይት ሄጄ ከላይ ቱንቢ ስጥል ክሩ የግድግዳውን ሆድ ነክቶ ተጣመመ፤ አንድ ጋት ያህል ወጥቷል። ስካኑ ውስጥ እኮ ነበረ! ሶፍትዌሩ ለአዲስ ሕንፃ የተሠራ ስለሆነ ቀጥ ያለ ግድግዳ ይቀለዋል፣ ልጁም አቀናው። ከስሌቱ ውስጥ ሕመሙን አወጣነው ማለት ነው።

ደግሞ ስካነር የሚያየው ቆዳውን ብቻ ነው። የድሮ ወፍራም ግድግዳ ብዙ ጊዜ በሁለት ወገን የተደረደረ ድንጋይ ነው፣ መሃሉ ጠጠርና ጭቃ ወይም ኖራ። ያ ታጥቦ ሄዶ ከሆነ ሞዴሉ በምን ያውቃል? በመዶሻ ቀስ ብላችሁ አንኳኩ፣ ባዶው ቦታ ድምፁ ይለያል። ከዚያ ሞዴሉ ላይ ያያችሁትን «የታየ»፣ የገመታችሁትን «ግምት» ብላችሁ ጻፉ። አደራ! ካልጻፋችሁ ከናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ግምታችሁን እንደ እውነት ይዞ ሲሚንቶ ይሞላበታል። ሲሚንቶ ከኖራ ይልቅ ጠንካራና ግትር ነው፣ እርጥበትም ያፍናል። ጎንደር ፋሲል ግቢ በጣሊያን ዘመን በሲሚንቶ የተጠገነው በኋላ በኖራ መተካት ነበረበት።

ስንጥቅ ስታዩ ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትሂዱ። ጄሶ አግድም ለጥፉበት፣ ሳይደርቅ በምስማር ቀኑን ጻፉበት፣ ክረምቱ ሲወጣ ተመለሱ። ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና እየሄደ ነው፤ ቀኑንና ስፋቱን ሞዴሉ ውስጥ በቦታው አስገቡት።

የዚያን ቤት ስሌት ከነሆዱ እንደገና ሠራን። ሁለቱን ገጽ በብረት አያይዘን ውስጡን በቀጭን ኖራ ሞላነው። ያኔ የለጠፍኩት ጄሶ እስካሁን አለ፣ አልተሰነጠቀም።