በያዝናት ብስክሌት ሩቅ መሄድ፦ ጥያቄና መልስ

የሰሞኑን ደብዳቤዎች ተመካክራችሁ የላካችኋቸው ይመስላሉ። ሁላችሁም ብስክሌት አላችሁ። ሁላችሁም ድንኳንና ልብስ ጭናችሁ ብዙ ቀን መሄድ ትፈልጋላችሁ። አዲስ መግዛት ግን አላሰባችሁም። ደግ አደረጋችሁ። ጥያቄዎቹን ላሳጥራቸውና በተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ማውንቴን ባይኬ አርጅቷል፣ ጎማው 26 ኢንች ነው፣ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ይሆናል?

ይሳቁ። የፊት ሾክ የሌለው የድሮ ማውንቴን ባይክ ጭነት ላይ ከብዙ አዳዲሶች ይሻላል። ፍሬሙ ጠንካራ ነው። ከፊት፣ ፔዳሉ ጋ፣ ሦስት ጥርሳም ክብ ካለው ለዳገት የሚሆን ቀላል ማርሽ አለህ ማለት ነው። ብዙ ጊዜም የዕቃ መጫኛ የሚታሰርበት ቀዳዳ አለው። ጥርሳሙን ጎማ አውልቅና ለስለስ ያለ፣ ስፋቱ 1.75 ኢንች ገደማ የሆነ አስገባ። አስፋልት ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቅሃል። ለጓደኞችህ ደግሞ ይህን ንገራቸው፦ ቶማስ ስቲቨንስ በ1884 እ.ኤ.አ. ተነስቶ በ1886 ዓለምን ዞሮ የጨረሰው፣ የፊት ጎማዋ ግዙፍ በሆነ ማርሽ አልባ ብስክሌት ነው። ባሕሩን በመርከብ ተሻግሮ፣ እርግጥ።

ጥያቄ፦ ስታንድ ላስገጥም ወይስ ይቅር?

ይቅር። ዛፍና ግድግዳ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ፍሬሜ ላይ የዕቃ መጫኛ ማሰሪያ ቀዳዳ የለም። ፍሬሙ ካርቦን ነው። ምን ላድርግ?

ፍሬምሽ ብረት ወይም አልሙኒየም ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር። ውስጡ ጎማ የለበሰ ማሰሪያ አለ። ቱቦውን አቅፎ ይይዛል፣ መጫኛው በብሎን ይታሰርበታል፣ አለቀ። ካርቦን ላይ ግን ቀልድ የለም። ቱቦው በማሰሪያ ሲጨመቅ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ስንጥቁም ከውጭ ላይታይ ይችላል። የአምራቹን መመሪያ አንብቢ። አይፈቅድም ካለ አይፈቅድም። ለስላሳዎቹን፣ ከኮርቻው ኋላና ከመሪው ፊት በማሰሪያ የሚታሰሩትን ቦርሳዎች ያዢና ዕቃሽን ቀንሺ። ባለፈው ዓመት ወድቄበት ነበር ብለሻል። እንግዲያው ካርቦን የሚያውቅ ባለሙያ ሳያየው ምንም አትጫኚበት። «ወንድሜ አይቶት ደህና ነው ብሏል» አይበቃኝም፣ ላንቺም አይብቃሽ።

ጥያቄ፦ የኋላ ቸርኬዬ ሽቦ ለሦስተኛ ጊዜ ተበጠሰ። በየጊዜው አስቀይራለሁ። የምጠይቀው ግን ሌላ ነው፦ ውኃ የማያስገባ ሻንጣ የትኛው ይሻላል?

ሻንጣው ይቆይ! ስለ ሻንጣ የማይጠይቀኝ የለም። የኋላ ቸርኬ ግን ሦስት ጊዜ አቤት ብሎም ጠያቂ አላገኘም።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ካንተም ከዕቃህም ክብደት አብዛኛው የሚያርፈው ከኋላ ነው። የኋላው ቸርኬ ደግሞ ሲሠራም ሚዛኑ እኩል አይደለም። ማርሾቹ በቀኝ በኩል ቦታ ስለሚይዙ የቀኝ ሽቦዎች ቀጥ ብለው፣ በጣም ተወጥረው ይታሰራሉ። የግራዎቹ ላላ ይላሉ። ጎማው በዞረ ቁጥር መሬት በኩል ያለው ሽቦ ጥቂት ይረግባል፣ አልፎ ሲሄድ መልሶ ይወጠራል። 80 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ይህ ከ35,000 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ሽቦ በእጅህ ወዲያ ወዲህ ስታጥፈው ቆይቶ እንደሚሰበረው ነው። ስለዚህ የቸርኬ ሽቦ ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው ጭነት በአንዴ በዝቶበት ሳይሆን ደክሞት ነው፤ ያውም መሃል እምብርቱ ጋ ከሚታጠፍበት አንገቱ። አንዱ ከደከመ አብረውት የዞሩትም ደክመዋል። አንዱን ስትቀይር የሚቀጥለው ተራውን ይጠብቃል።

መፍትሔው ቸርኬውን በአዲስ ሽቦ እንደገና ማስወጠር ነው። ሁሉንም። መሃላቸው ቀጠን ያሉ ሽቦዎች አሉ። ደካማ ይመስላሉ እንጂ ይበልጥ ይቆያሉ፤ መለጠጡን መሃላቸው ስለሚወስደው አንገታቸው ያርፋል። ቸርኬውን ጨርሰህ የምትቀይር ከሆነ 36 ሽቦ ያለውን ውሰድ። 20 እና 24 ሽቦ ያላቸው ለእሽቅድምድም ናቸው። ይህ ጎማ የሚለጥፍ ሰው ሁሉ የሚሠራው ሥራ አይደለም። ቸርኬ መወጠር የሚችል ሰው ፈልግ፣ የውጥረት መለኪያ እንዳለው ጠይቀው። ሲጨርስ በአንድ ወገን ያሉትን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ አድርገህ ጨብጣቸው። አንዱ ላላ፣ አንዱ ጠንከር ካለ መልስለት።

ለመንገድ ትርፍ ሽቦ ያዝ። የፊቱ፣ የኋላ ቀኙና የኋላ ግራው ርዝመታቸው ስለሚለያይ ከየዓይነቱ ይኑርህ። የቀኙን ለመቀየር የኋላውን ማርሽ ማውለቅ ያስፈልጋል፤ ማውለቂያው ቤት ከቀረ ትርፍ ሽቦው ጌጥ ነው። ከባድ ከባዱን ዕቃ ደግሞ ከፊል ወደ ፊት፣ ዝቅ አድርገህ ጫነው።

ሻንጣው? ልብስህን በፌስታል ጠቅልለው።

ጥያቄ፦ የእሽቅድምድም ብስክሌት ነው ያለኝ። ትንሹ የፊት ጥርሳም ክብ 34 ጥርስ አለው፣ ትልቁ የኋላ 28። ወጣት ነኝ፣ አይበቃኝም?

34 ለ28 ሲካፈል 1.2 ነው። ፔዳሉን አንዴ ስታዞረው ጎማው ከአንድ ዙር በላይ ይሄዳል። ባዶውን ጥሩ ነው። 20 ኪሎ ጭነህ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ረዥም ዳገት ላይ እንነጋገራለን። ቁጥሩን ወደ 1 ወይም ከዚያ በታች አውርደው። የኋላውን 34 ብታደርገው 1 ይመጣልሃል። ካቴናው መርዘም ይኖርበታል፣ ማርሽ ቀያሪውም ረዥም ክንድ ያለው መሆን ሊያስፈልገው ይችላል። ዝርዝሩን መካኒክ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ 58 ዓመቴ ነው። ሁለት ሰዓት ከነዳሁ እጄ ይደነዝዛል። ሌላም ቦታ ይደነዝዘኛል፣ ይገባሃል።

ገብቶኛል ጋሼ። ኮርቻው አፍንጫው ወደ ላይ ካዘነበለ ያስተካክሉት። መሪውን ከፍና ቀረብ ያድርጉት፣ ክብደትዎ መዳፍዎ ላይ አይረፍ። በየጥቂት ደቂቃው ከኮርቻው ብድግ ይበሉ። ወፍራም ስፖንጅ ያለው ኮርቻ መፍትሔ ይመስላል፤ ረዥም መንገድ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይብሳል። ከብስክሌቱ ወርደው ካረፉ በኋላም መደንዘዙ ካልለቀቀዎት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ይህን የምለው ለአፌ ያህል አይደለም፤ የነርቭ ጉዳት ሊሆን ይችላል። አፈርኩ ብለው አይዘግዩ።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ገጥሜ ጨርሻለሁ፣ ቅዳሜ እነሳለሁ። የረሳሁት አለ?

አዎ፣ ሙከራውን። ነገውኑ የምትወስጂውን ሁሉ ጭነሽ ግማሽ ቀን ንጂ። ዳገትም ቁልቁለትም ያለበት መንገድ ምረጪ። ቁልቁለት ላይ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጭነቱን እንደገና አከፋፍዪው። ፍሬን ይዘሽ እስክትቆሚ የምትሄጂው ርቀት ምን ያህል እንደረዘመ እዪ፣ የፍሬን ሸራው ካለቀ ቀይሪ። ተረከዝሽ ሻንጣውን ከመታ መጫኛው ላይ ወደ ኋላ ግፊው። ስትመለሺ የመጫኛውን ብሎኖች እንደገና አጥብቂ፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ አንዱ ላልቶ ታገኚዋለሽ።