ኮምፒውተሩ አልነሳ ላለው ወንድሜ፦ ፓወር ሰፕላይ ከመግዛትህ በፊት ቀይዋን ማብሪያ እያት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ያየሁት ማታ ሱቅ ዘግቼ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዴስክቶፕህ ጸጥ አለ። ጠጋኙ ሳይከፍተው «ማዘርቦርድ ነው፣ 9,000 ብር» አለህ። ያለህ 2,000 ብር ነው። እኔ ላይ የደረሰው ቁርጥ ይሄ ነው፣ ብሩ ብቻ ይለያያል። ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የምትተዳደረው በአንድ ዩዝድ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 790 ነው። እሱ ሲቆም ቤቱ ይቆማል። የቆመውም በግንቦት ነው፣ ተማሪ ሁሉ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ በሚሰለፍበት ሰሞን።

ማዘርቦርድ፣ ማለት ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ፣ የሚለውን ለጊዜው እርሳው። መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን፣ ማለት የግድግዳውን መብራት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለውን ሳጥን እንየው። በተራ ልንገርህ።

1. ሌላ ሶኬትና ሌላ ገመድ ሞክር። አትሳቅ፣ እኔም ስቄ ነበር። ከዚያ ኮምፒውተሩ ዴል ከሆነ ከኋላ፣ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ ትንሽ መሞከሪያ ቁልፍ ፈልግ፤ ብዙዎቹ አላቸው። ስትጫናት አረንጓዴ መብራት መብራት አለበት። ካልበራ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄዱትን ገመዶች ነቅለህ ድገመው። አሁንም ጨለማ ከሆነ የሞተው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ሲነቀሉ ከበራ ግን ጠጋኙ እውነቱን ሊሆን ይችላል።

ዴል ካልሆነ በአግራፍ ሞክረው። መጀመሪያ ከሶኬት ንቀለው። ትልቁን ባለ 24 ፒን መሰኪያ ከማዘርቦርዱ አውጣና የአረንጓዴውን ሽቦ ቀዳዳ ከአንዱ ጥቁር ጋር በአግራፍ አገናኝ፣ ከዚያ ሶኬቱን ሰካ። ፋኑ ካልዞረ ሞቷል። ከዞረ ግን ጤነኛ ነው ብለህ አትደምድም። ጎረቤት ቮልት የሚለካ ቴስተር ያለው ሰው አይጠፋም፦ ቢጫው 12፣ ቀዩ 5፣ ብርቱካኑ 3.3 ቮልት ማሳየት አለባቸው። 12ቱ ከ11.4 በታች ከወረደ አትድከምበት፣ ይቀየር። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን አትክፈት። ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሩ፣ ማለት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ፣ ውስጥ የሚቀረው ኤሌክትሪክ ይመታሃል።

2. ፒኑን ቁጠር። የኔ 790 እንደ ተራው ኮምፒውተር 24 ፒን ነው። 3020፣ 7020 እና 9020 የሚባሉት ኦፕቲፕሌክሶች ግን ባለ 8 ፒን ናቸው፣ ተራው አይገባላቸውም። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ይልሃል። አንድ አይደለም። የሞተውን ነቅለህ በፌስታል ይዘህ ሂድ፣ ጎን ለጎን አስተያይ። ቁመቱንም እይ፤ ለቀጫጭኖቹ ሳጥኖች ትልቁ አይገባም።

3. ዋት። ግራፊክስ ካርድ ከሌለህ ብዙ ዋት አያስፈልግህም። የኔ ኦሪጅናሉ 265 ዋት ብቻ ነው፣ ዓመታት ሠርቶበታል። እኔ ግን «500 ዋት» የሚል ጽሑፍ አየሁና ልቤ ሄደ። አዲስ ነው፣ በካርቶን፣ 1,800 ብር። ሳነሳው እንደ ባዶ ቆርቆሮ ቀለለኝ። የሞተው የኔው 265 እጥፍ ይከብዳል። ያኔ መንቃት ነበረብኝ፣ አልነቃሁም። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል ብዬ በታክሲ በረርኩ።

ብሎኑን ፈታሁ፣ አስገባሁ፣ ሰካሁ። ጧ! ሳጥኑ ውስጥ ርችት የተተኮሰ መሰለኝ። ጭሱ ከኋላ ወጣ፣ ቤቱ የተቃጠለ ዓሣ ሸተተ፣ ቆጣሪው ወረደ። ሁለት ተማሪዎች ፍላሻቸውን ጥለው ወጡ።

ከፓወር ሰፕላዩ ኋላ ቮልት የምትመርጥ ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለች። 115 እና 230 ይላል። የኛ አገር መብራት 220 ነው፣ ስለዚህ 230 ላይ መሆን አለባት። የኔዋ 115 ላይ ነበረች። 115 ላይ ስትሆን ውስጡ የገባውን ቮልት እጥፍ እንዲያደርግ ነው የተሠራው፤ 220ን እጥፍ ሲያደርገው ካፓሲተሩ ይፈነዳል። ይህን ያወቅኩት ካቃጠልኩ በኋላ ነው። በጥፍርህ ወይም በካቻቪቴ ጫፍ የምትገፋ ነገር ናት፣ ሁለት ሰከንድ አትፈጅም። ማብሪያዋ የሌላቸውም አሉ፤ እነሱ ላይ የተለጠፈውን አንብብ፣ ከ100 እስከ 240 ካለ ሰላም ነው።

ይዤው ተመለስኩ። ደረሰኙ ላይ «የአንድ ሳምንት ጋራንቲ» ተብሎ ተጽፏል፣ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላውም። ልጁ አሸተተውና «አንቺ ነሽ ያቃጠልሽው» አለኝ። «ማብሪያዋን 115 ላይ አድርጋችሁ የሸጣችሁት እናንተ ናችሁ» አልኩ። ባለቤቱ ከውስጥ ወጣና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እህት፣ ወንድ ይምጣና እናስረዳው።» አስራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ልጅ ያሳደግኩ ሴት ነኝ! ፕሪንተር ፈትቼ የምገጥም! ብሬን አልመለሱም። እነሱንም ሆነ ሰፈሩን አልጠራም፣ ግን እስካሁን በዚያ ሳልፍ ደሜ ይፈላል።

በማግስቱ ከሞቱ ኮምፒውተሮች ዕቃ እየነቀለ የሚሸጥ አንድ ልጅ አገኘሁ። ኦሪጅናል ዴል፣ ባለ 265 ዋት፣ 1,400 ብር። «እዚሁ ሰክተህ አሳየኝ» አልኩት። ሳያንገራግር ሰካው፣ አረንጓዴዋ በራች። አንተም ሰክቶ ከማያሳይህ ሰው አትግዛ። አዲስ ርካሽ ከሚሉህ ያገለገለ ኦሪጅናል ይሻልሃል፣ እኔ በ1,800 ብር ተምሬዋለሁ።

ቤት ገጠምኩት። ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር። ማዘርቦርዱን በዚያ ጧ ገደልኩት ብዬ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። ለካስ ፕሮሰሰሩ አጠገብ የምትሰካውን ትንሿን ባለ 4 ፒን ረስቻታለሁ። ሰካኋት፣ ተነሳ። ያ «ተቃጥሏል» የተባለው ማዘርቦርድ ዛሬም ይህን መልስ እየጻፈልህ ነው።

አሁን መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የማደርገው ሶኬቱን መንቀል ነው። ሲመጣም አምስት ደቂቃ ካልቆየ አልሰካም። ደንበኛ ቢያጉረመርም ያጉረምርም።

ሞዴሉንና የሳጥኑን ጀርባ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ፣ ስንት ፒን እንደሆነ እነግርሃለሁ። የተቃጠለውን ባለ «500 ዋት» ከጠየቅከኝ፣ ቆራሌው በ40 ብር ወሰደው። ገመዱን ግን አልሰጠሁትም።