ፈረሱን ማን ያጠጣዋል?

ልጆቼ፣ ባለፈው እሑድ ያን የድራማ ጽሑፍ አምጥታችሁ በእጄ ስታስቀምጡ ዓይናችሁ ላይ ያየሁትን ጉጉት አልረሳውም። እኔም በእናንተ ዕድሜ በዚያው ጉጉት ነበር የሰው ደጅ የምቆመው። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ማታውኑ ሳላቋርጥ፣ ሁለተኛ በማግሥቱ ጣና ዳር ጥላ ሥር ተቀምጬ እርሳስ ይዤ። በቃል ከምነግራችሁ ብጽፈው ይሻላል ያልኩት፣ እዚሁ ባሕር ዳር የአባቶቻችንን ዘመቻ በድራማ ለመሥራት የሚያስቡ ሌሎች ወጣቶችም እንዳሉ ስለማውቅ ነው።

ታሪካችሁ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ተከትለው ከጎጃም ዓድዋ ስለዘመቱ ወዶ ዘማች ፈረሰኞች ነው። መልካም መርጣችኋል። ሁለቱ ወንድማማቾች በአባታቸው ጋሻ የሚከራከሩበት ቦታ ላይ ማንበቤን አቁሜ ውኃውን እያየሁ ቆየሁ። ነገር ግን ከጽሑፉ ግማሹ ግልቢያ ነው። አቧራ ይነሣል፣ ጎራዴ ይመዘዛል፣ ይፎከራል፤ ገጹ ሲገለጥ እንደገና አቧራ ይነሣል። ደግሞም ከፈረሶቹ አንዱ እንኳ ስም የለውም።

ከሠላሳ ዓመት በፊት እኔም እንዲሁ አድርጌአለሁ። የአርበኞች ፈረሰኛ ቲያትር አዘጋጅቼ አዳራሹ ሞልቶ፣ ሕዝቡ ቆሞ አጨብጭቦ ወጣ። ሰው ተበትኖ ሳበቃ አንድ ነጠላ የለበሱ ሽማግሌ ከበሩ አጠገብ ሲጠብቁኝ አገኘሁ። እጄን ያዙና፣ «ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴን አስታወስከኝ። ግን እነዚያ ፈረሶች ውኃ የሚጠጡት መቼ ነው? ማንስ ያጠጣቸዋል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ፈረሰኛ ሳወራ፣ አንድም ሰው ፈረሱን አላጠጣም፣ አላበላም፣ ጀርባውን አልዳሰሰም።

ሳምንት ሳይሞላ እቤታቸው ሄድኩ። ግድግዳው ላይ የአባታቸው ኮርቻ ተሰቅሏል፤ ቆዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ከጎኑ እርካቡ ተንጠልጥሏል። እኔ በፊልም የማውቀው እርካብ ሙሉ እግር የሚያስገባ ነው፤ ይህ ግን ትንሽ የብረት ቀለበት ነበር። «ጫማህን አውልቅና አውራ ጣትህን ክተት» አሉኝ። ከተትኩ። አውራ ጣትና ቀጣዩ ጣት ቀለበቱን ጨብጠው ይይዛሉ እንጂ እግር አይገባበትም፤ የጥንት ፈረሰኛችን ባዶ እግሩን ነው የሚጋልበው። ለካስ የኔ ተዋናዮች ቦት ጫማ አድርገው ነበር ዓድዋን ያየ ትውልድ ሆነው የሚፎክሩት። ከዚያ በፊት ልምምድ ላይ አንዱ ልጅ ጫማው እርካብ ውስጥ ተቀርቅሮ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮብኛል። ዛሬም ብርድ ሲነካው እንደሚያመው ይነግረኛል፣ እኔም ያመኛል። ፈረስ የማያውቅ ሰው ፈረስ ላይ አታውጡ። ሌላውን ምክሬን ሁሉ ብትተዉ ይቺን አትተዉብኝ።

ሽማግሌው የነገሩኝ ብዙ ነው፤ አንዱን ላካፍላችሁ። አባታቸው ለአርበኝነት ሊወጡ ባሰቡበት ሌሊት እናታቸው ከጎተራ የቀረውን ገብስ በቁና እየሰፈሩ መሬት ላይ ሁለት ቦታ ይከምሩ ነበር። አንዱ ክምር የልጆቹ፣ ሌላው የፈረሱ። አባት ዝም ብለው ያያሉ። ከፈረሱ ክምር ላይ እፍኝ አንሥተው ወደ ልጆቹ ይመልሳሉ። እናት ያንኑ እፍኝ አንሥተው ወደ ፈረሱ ይመልሳሉ። አንድም ቃል አልተነጋገሩም። ሽማግሌው ያኔ ሕፃን ነበሩ፣ ከመደብ ላይ ተኝተው በእሳቱ ብርሃን ሲያዩ ነበር። ይህን ሲነግሩኝ እጃቸው አየር ላይ ገብሱን እየሰፈረ ነበር።

ወዶ ዘማች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ደሞዝ የለም፣ ቀለብ የሚሰፍር መንግሥት የለም። ስንቁ ከቤቱ ነው፤ ጋሻው፣ ጦሩ፣ በቅሎው፣ ፈረሱ ከቤቱ ነው። በመንገድ ደግሞ የሚጋለበው በቅሎ እንጂ ፈረስ እንዳይመስላችሁ። ፈረሱ ለጦርነቱ ቀን ጉልበቱ እንዲቆጠብ በእጅ እየተሳበ ነው የሚሄደው። ከጎጃም እስከ ዓድዋ ያለውን መንገድ አስቡት፦ ሰውዬው እየደከመ፣ ፈረሱ እንዳይደክም እየተጠነቀቀለት። እናንተ በአንድ የግልቢያ ትዕይንት አለፋችሁት፤ እኔ ብሆን ድራማውን ሙሉ እዚያ መንገድ ላይ አደርገው ነበር።

ዘመኑንም አትርሱ። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከመሆኑ ጥቂት ዓመታት በፊት ያ ክፉ ቀን ነበር። የከብቱ በሽታ በሬውን ጨርሶት፣ ሰው በረሃብ አልቆ፣ የተረፈውም በዶማ እየቆፈረ ነበር። አፄ ምኒልክ ራሳቸው በክተት አዋጁ የከብቱን ማለቅና የሰውን መድከም አይተው እስከዚያ መታገሣቸውን ተናግረዋል። «ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ» ብለው ለመኑ፤ ወስልቶ የሚቀረውን ደግሞ እንደማይተዉት በዚያው አዋጅ አስጠነቀቁ። እንግዲህ ያ ገበሬ ወዶ ዘመተ ወይስ ታዝዞ? ሁለቱም ነው፣ በአንድ ልብ ውስጥ። በጽሑፋችሁ ሁሉም ሰው ነጋሪት እንደሰማ እየሳቀ ይነሣል። አንዱን እንኳ ትንሽ አመንቱት። በሬው የሞተበት፣ የቀረው ፈረስ ብቻ የሆነ ሰው ፈረሱን ይዞ ሲወጣ ምን ይዞ እንደወጣ ተመልካቹ ይወቅ።

እንደ ምሳሌ የጠቀሳችሁት የአሜሪካኖቹ ወዶ ዘማች ፈረሰኞች ታሪክም በደንብ ላየው ይህንኑ ይናገራል። ከዓድዋ ሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ በፈረንጆቹ 1898። ኩባ ላይ ከስፔን ጋር ሊዋጉ ከብት ጠባቂው፣ ማዕድን ቆፋሪው፣ የትልልቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ የአገሬው ቀይ ሕንዶችም ሳይቀሩ ቴክሳስ ሳን አንቶኒዮ ላይ ተሰብስበው በአንድ ክፍለ ጦር ታቀፉ። ምክትል አዛዡ ቴዎዶር ሩዝቬልት የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ትልቅ ሥልጣኑን ለቆ የመጣ ሰው ነበር። ፍሎሪዳ ውስጥ ታምፓ ወደብ ሲደርሱ ግን መርከቡ አልበቃም። ከ12ቱ ቡድኖች ስምንቱ ብቻ ወደ ኩባ ሲሻገሩ፣ አራቱ ፈረሶቹን ይዘው እዚያው ቀሩ። ከመኮንኖች ፈረስ በቀር ሌላው አልተጫነም። ፈረሰኞች ተብለው የወጡት ሰዎች የሳን ህዋንን ኮረብቶች የወጡት በእግራቸው ነው፤ አጠገባቸውም እንደነሱ ፈረስ የሌላቸው የጥቁር አሜሪካውያን የመደበኛ ፈረሰኛ ጦር አባላት ነበሩ። ከጥይቱ በኋላ ደግሞ ወባውና ቢጫ ወባው መጣ።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል የኛ ሰው። እነዚያን ፈረሱ እንኳ አላደረሳቸውም። ጸሐፊ ብሆን ካሜራዬን ኮረብታው ላይ ሳይሆን ታምፓ ላይ እተክለው ነበር፣ ሊዋጋ ወዶ ወጥቶ ፈረስ ጠብቅ ተብሎ የቀረው ሰው ዘንድ። መርከቡ ሲርቅ ያ ሰው ለፈረሱ ምን አለው? የሰው ልብ የሚታየው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ሃምሳ ፈረስ የሚከራይ ገንዘብ የላችሁም፤ አያስፈልጋችሁምም። አንድ ፈረስ ይበቃችኋል፣ በደንብ ካወቃችሁት። ጥር 23 እንጅባራ ሂዱ፣ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ከአባቶቻችን ጋር የዘመቱትን ፈረሶች የሚዘክር ማኅበር ነው፤ በዓሉን በጊዮርጊስ ቀን ያከብሩታል። ብዙ ሰው ለጉግሱና ለሽርጡ ግልቢያ ፎቶ ያነሣል። እናንተ በዋዜማው ድረሱ። ፈረስ ሲታጠብ፣ ግላስ ሲለብስ፣ ልጓም ሲፈተሽ እዩ፤ አረጋውያኑን ጠይቁ፣ ሲነግሯችሁ አታቋርጧቸው። ድምፁን ቅረጹ፦ ፈረስ ገብስ ሲያኝክ፣ ሌሊት ሰኮናውን ሲቀይር፣ ጌታውን አይቶ ሲያሽካካ። ጦርነቱን በድምፅ ብቻ ከሩቅ ልታሰሙት ትችላላችሁ። ገብስ ሲያኝክ ግን በቅርብ ይታይ።

ፈረሱንም ስም አውጡለት። አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ሰው በፈረሱ ስም በሚጠራበት አገር ስም የለሽ ፈረስ ማየት ይከብደኛል። የድሃው ገበሬ ዳማ ፈረስ ስሙ ማን ይሆን? እናንተ ስታወጡለት ሰውዬውም አብሮ ይወለዳል።

ንግግራችሁ ላይ ብዙ አልልም፣ ጥሩ ጆሮ አላችሁ። የዛሬ የከተማ ቃል የገባባቸውን ቦታዎች በእርሳስ አስምሬባቸዋለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት እቤት ነኝ፣ ቡና ይፈላል። ጽሑፉን በሙሉ አስተካክላችሁ እንድታመጡ አልጠብቅም። አንድ ትዕይንት ብቻ ይዛችሁ ኑ፤ ሰውዬው ሊወጣ ያለበትን ሌሊት። እሳቱ እየከሰመ ነው፣ ልጆቹ ተኝተዋል ብሎ ያስባል፣ ሚስቱ ቁናውን ይዛለች። ለልጆቹ ስንት፣ ለፈረሱ ስንት እንደምትሰፍር ወስናችሁ ኑ።